ለጥገና የሚመቸው የትኛው ነው? አዳዲስ የኮድ አጻጻፍ ስልቶችን ስናነጻጽር

142.50 የምትለዋን ቁጥር ደመወዝ የሚያሰላ ሲስተም የነካ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ሁሉ ያውቃታል። በቀድሞው የገቢ ግብር ሰንጠረዥ፣ ደመወዙ ከ1,651 እስከ 3,200 ብር የሆነ ሠራተኛ ግብሩ በ15 በመቶ ይሰላና 142.50 ይቀነስለት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሕጉ ተሻሻለ። ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የ10 በመቶው እርከን ጨርሶ ቀረ። እኔ ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ከሌላ ሰው የተረከብኩትን የአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሲስተም እጠግን ነበር።

ኮዱን ከፍቼ 142.50 ብዬ ፈለግኩ። አምስት ፋይል ላይ ተገኘች። አምስቱንም አስተካከልኩ፣ ሞከርኩ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ወር ሳይሞላ አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ወረቀት ይዘው መጡ። የዓመት ፈቃድ ክፍያቸው በአሮጌው ስሌት ተቆርጧል። ለካ ስድስተኛ ፋይል ነበር። እዚያኛው ላይ የጻፈው ሰው ዜሮዋን ትቶ 142.5 ብሏታል። አዛውንቱ አልተቆጡም። "ልጄ፣ ሕጉ ተቀየረ ሲሉ ሰምቼ ነበር። እኔን ዘለለኝ እንዴ?" አሉኝ። ያቺ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አዲስ ስልት ሲወራ ቶሎ ይጻፋል ወይ ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሕጉ ሲቀየር፣ ኮዱን ያልጻፈው ሰው ምን ይገጥመዋል ብዬ ነው። ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ ወይም ሞጣ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ሲስተም ልትጀምሩ ወይም ልትረከቡ ላላችሁ ነው። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥገና ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ሰው ጥገና ሲባል የተበላሸ ማረም ብቻ ይመስለዋል። በርተን ስዋንሰን የተባለ ተመራማሪ በ1976 ነገሩን በሦስት ከፍሎታል። አንደኛው ስህተት ማረም ነው፤ የእኔዋ 142.5 እዚህ ትገባለች። ሁለተኛው ዙሪያው ሲቀየር አብሮ መቀየር ነው፤ የግብር ሕጉ እዚህ ይገባል። ሦስተኛው ተጠቃሚው የተሻለ ሲፈልግ ማሻሻል ነው። በኋላ የመጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ችግር ሳይመጣ አስቀድሞ ማስተካከልን አራተኛ አድርጎ ጨመረ። መኢር ሌህማን በ1974 ያስቀመጠው ሕግም አለ። ሰው የሚጠቀምበት ሲስተም ካልተቀየረ እያደር አይመችም ይላል። በተቀየረ ቁጥር ደግሞ፣ ሆን ብሎ የሚያቀልለው ከሌለ፣ እየተወሳሰበ ይሄዳል።

ለሦስተኛው ዓይነት ምሳሌዬ መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት ናቸው። የአባላትን ስም በኮምፒውተር ይፈልጋሉ። አንድ ቀን "ፀሐይ" ብለው ቢጽፉ ሲስተሙ የለችም አላቸው። ሴትዮዋ ግን ደብተሯን ይዛ ፊታቸው ቆማለች። ከዓመታት በፊት የመዘገባት ልጅ "ጸሀይ" ብሎ ነበር የጻፋት። "ልጄ፣ ሰው ሲያነበው እኮ አንድ ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ፊደላችን ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ነው የገቡት። ጸ እና ፀም እንደዚያው። ማሻሻል ያለብን እኛ ነን።

እነዚህን ሦስቱን፣ ማለትም የግብር ሰንጠረዡን፣ የስም ፍለጋውን እና ወደፊት የማነሳውን የጳጉሜን ጉዳይ፣ እንደ ሚዛን ይዤ ነው ስልቶቹን የማየው። ስልቱን ስፈትን መጀመሪያ የማየው ቦታውን ማግኘት ምን ያህል እንደሚቀል ነው። ቀጥሎ ስንት ፋይል እንደምነካ እቆጥራለሁ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሆነ ነገር ስሰብር ማን ይነግረኛል የሚለው ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ነው? የኮዱን መልስ የሚፈትሸው ቴስት ነው? ወይስ አዛውንቱ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው? መጨረሻ ላይ፣ እኔ ሥራ ብለቅ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚረከብ ሰው ይገኛል ወይ እላለሁ።

ኦብጀክት ኦሪየንትድ፦ መነሻችን

ዳታውንና የሚሠራበትን ኮድ ክላስ በሚባል ክፍል አንድ ላይ የሚያስቀምጠው ይህ ስልት አዲስ አይደለም። ሥሩ በ1960ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ የተሠራው ሲሙላ የተባለ ቋንቋ ነው። ግን ሌሎቹ ሁሉ የሚነጻጸሩት ከእሱ ጋር ስለሆነ እሱን መዝለል አይቻልም።

ትልቁ ጥቅሙ መሸሸግ ነው። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ሲስተም ስትከፋፍሉ በሥራ ቅደም ተከተል አትከፋፍሉት፤ ይቀየራል ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ውሳኔ እያንዳንዱን በአንድ ክፍል ውስጥ ሸሽጉት አለ። የግብር ሰንጠረዡ አንድ ክላስ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ 142.50ን በየፋይሉ አላሳድድም ነበር። ይህን ለማድረግ ግን ኦብጀክት ኦሪየንትድ ግድ አይደለም። አንድ ተራ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭም፣ ይበቃል። ክላስ የሞላበት ኮድ ውስጥም ያው ቁጥር ስድስት ቦታ ተበትኖ አይቻለሁ።

ጉዳቱ ውርስ፣ ማለትም አንዱ ክላስ የሌላውን ኮድ መውሰዱ፣ ሲበዛ ነው። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ ዝምድና ሲጣራ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንዳንድ ኮድም እንደዚያው ነው። የኮንትራት ሠራተኛ ክላስ ከጊዜያዊ ሠራተኛ ይወርሳል፣ ጊዜያዊው ከተከፋይ፣ ተከፋዩ ከሰው፣ ሰው ከመዝገብ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የት ነው የሚሰላው ብላችሁ ስትጠይቁ አምስት ፋይል ከፍታችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ከላይ ያለውን ብትነኩ ደግሞ ከታች የትኛው ልጅ እንደሚናጋ አታውቁም። ከሁለት ቤት በላይ ውርስ ካያችሁ ተጠንቀቁ።

አስፔክት ኦሪየንትድ፦ ሰምና ወርቅ ያለው ኮድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ያከራከረኝ ይህ ስልት ነው።

በ1997 ግሬጎር ኪዛሌስና ባልደረቦቹ ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ሆነው አንድ ነገር አስተዋሉ። በየክላሱ ውስጥ የሚደጋገሙ፣ የየትኛውም ክላስ ንብረት ያልሆኑ ሥራዎች አሉ። ማን ምን ነካ ብሎ መመዝገብ፣ ፈቃድ አለው ወይ ብሎ ማጣራት፣ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይቀመጥ ወይ ምንም አይቀመጥ የሚባል ሥራ) መክፈትና መዝጋት። እነዚህን በየቦታው ከመገልበጥ አንድ ቦታ ጻፏቸውና "በእነዚህ ፈንክሽኖች ዙሪያ ሁሉ ይሥሩ" በሉ አሉ። ለጃቫ የተሠራው አስፔክትጄ ከዚያ ወጣ።

ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ሜጫ አካባቢ የበቆሎ ርክክብ በሚመዘገብበት አንድ ሲስተም ላይ አንድ ቀን 87 ኪሎ የነበረ ሚዛን 78 ሆኖ ተገኘ። ገበሬው ደረሰኙን ይዟል። መጋዘኑ እኔ አልነካሁም ይላል። ማን ቀየረው? አይታወቅም፤ ምክንያቱም ለውጥ የሚመዘግበው ኮድ ሚዛን ከሚነኩት ፈንክሽኖች ግማሹ ላይ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ ላይ የጻፈው ሰው ረስቶታል። ገበሬው በደረሰኙ ተከፈለው፤ ጥርጣሬው ግን የመጋዘን ሠራተኛው ላይ ቀረ። ያ ያሳዝነኛል። በአስፔክት ቢሆን አንድ ቦታ ይጻፍና ሁሉንም ይሸፍን ነበር። እንደ ቁጥር ካየነው፣ ከደርዘን በላይ ፋይል መንካት አንድ ፋይል ወደ መንካት ይወርዳል።

አሁን ወደ ችግሩ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራው በዚሁ ነው። ቅኔ ስትሰሙ ላዩ ሰም ነው፣ ወርቁ ውስጥ ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ኮድ ሲሆን ግን ሰምና ወርቅ ተረካቢውን ያሠቃየዋል። ፈንክሽኑን ታነቡታላችሁ። ሚዛን ይቀይራል፣ ያስቀምጣል፣ አለቀ። እውነቱ ግን ከእሱ በፊትና በኋላ ሌላ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ሥራ ይሠራል። ፋይሉን ብቻ ያነበበ ሰው ወርቁን አያገኘውም።

ከዚህ የባሰም አለ። አስፔክቱ ፈንክሽኖቹን ብዙ ጊዜ የሚያውቃቸው በስማቸው ነው። ለምሳሌ "ቀይር" ብሎ በሚጀምር ስም ሁሉ ዙሪያ ሥራ ተብሎ ከተጻፈና አንድ ቅን ልጅ ስሙ አልጠራም ብሎ "አስተካክል" ብሎ ቢለውጠው፣ ምዝገባው በጸጥታ ይቆማል። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ቀይ መስመር የለም። ሲስተሙ ደህና ይመስላል። የምታውቁት ሚዛን የጠፋ ቀን ነው።

ስፕሪንግ በተባለው ዝግጁ የጃቫ ማዕቀፍ የምትሠሩ ሳታስቡት ይህን ስልት እየተጠቀማችሁ ነው። ፈንክሽን አናት ላይ የምትለጥፏት የትራንዛክሽን ምልክት እንደ ነባሪ በዚሁ መንገድ ነው የምትሠራው። ያንኑ ፈንክሽን ከዚያው ክላስ ውስጥ ከጠራችሁት ግን ትራንዛክሽኑ አይከፈትም፤ ስፕሪንግ ጥሪውን የሚይዘው ከውጭ ሲመጣ ነውና። ይህን የማያውቅ ተረካቢ ግማሽ የተቀመጠ ዳታ ሲያይ ቀኑን ሙሉ ዳታቤዙን ሲወቅስ ይውላል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ለምዝገባ፣ ለፈቃድ ማጣሪያና ለትራንዛክሽን ተጠቀሙበት። በስም ከመያዝ ይልቅ ፈንክሽኑ ላይ በሚለጠፍ ምልክት ያዙት፤ ቢያንስ አንባቢው ዓይኑ ላይ አንድ ነገር ያያል። ምዝገባው መሠራቱን የሚያረጋግጥ ቴስትም ጻፉ። ገንዘብ የሚያሰላ ምንም ነገር ግን አስፔክት ውስጥ አታስገቡ።

ፈንክሽናል፦ ለቀን መቁጠሪያችን የተሠራ ይመስላል

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሊስፕ በ1958 ተጀመረ፤ ጃቫ በ2014 ስምንተኛ ስሪቱ ላምዳን (ስም የሌለው ፈንክሽን) ካስገባ ወዲህ ግን በየቤቱ ገባ። መሠረቱ ቀላል ነው። ፈንክሽን የሰጣችሁትን ብቻ ያያል፣ መልስ ይመልሳል፣ ሌላ ምንም አይነካም። ተመሳሳይ ነገር ስትሰጡት ሁልጊዜ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል።

የጳጉሜን ጉዳይ እዚህ ላይ ልንገራችሁ። አንድ ወርኃዊ ሪፖርት ነበር። ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ወር ያውቃል። በጳጉሜን የገባ እህል የትኛውም ወር ውስጥ አይገባም። ዓመታዊው ድምር ከደረሰኙ ጋር አልገጥም ሲል ሰው እየሰረቀ ነው ተብሎ ነበር። ኮዱን ስከፍተው የቀን ቅየራው በየሪፖርቱ ውስጥ ተበትኗል። አንዱ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ይላል፣ ሌላው ጭራሽ አያውቃትም።

የቀን ቅየራን ወደ አንድ ንጹሕ ፈንክሽን አወጣሁት። ቀን ይቀበላል፣ ቀን ይመልሳል። ዳታቤዝ አይነካም፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት አያይም። ስለዚህ ቴስቱ የአንድ መስመር ነገር ሆነ። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መዋል አለበት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2017 ወደ ሴፕቴምበር 11 ይመለሳል። ሦስቱን ቴስት አድርጌ አስገባኋቸው። መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ላይ፣ ያለ ሰርቨር፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ለእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የስም ፍለጋውም በዚሁ ተፈታ። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው የሚመልስ አንድ ንጹሕ ፈንክሽን። ዳታቤዙ ላይ ለፍለጋ ብቻ የምታገለግል ሌላ ዓምድ ጨመርን። የሰውየው ስም ግን እንደተጻፈ ይቀመጣል። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ለኮዱ እንዲመች ብላችሁ የሰው ስም ራሱን አትቀይሩ። ፀሐይ መታወቂያዋ ላይ እንዳለችው ፀሐይ ናት።

ሙሉ በሙሉ እንደ ሀስኬል ወዳለ ቋንቋ ግቡ አልልም። ቋንቋው ግሩም ነው፤ ግን ባሕር ዳር ላይ ነገ የሚረከባችሁን ሰው ፈልጉና ንገሩኝ። ስልቱን በምታውቁት ቋንቋ ውስጥ መጠቀም ትችላላችሁ። ስሌቱን ንጹሕ አድርጉት፣ ዳታቤዝና ስክሪን የሚነካውን ወደ ዳር ግፉት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አሥር ሥራ በአንድ ሰንሰለት እየቀጠሉ መጻፍ ቆንጆ ይመስላል፣ ስህተት ሲመጣ ግን የትኛው ቀለበት ላይ እንደተበጠሰ አይታይም። መሐል ላይ ስም ስጡ።

ታይፕ ያላቸው ቋንቋዎች፦ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ

ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው። ታይፕ ማለት እያንዳንዱ ዳታ ቁጥር ነው፣ ጽሑፍ ነው ብሎ አስቀድሞ መግለጽ ነው። ማይክሮሶፍት ታይፕስክሪፕትን በ2012 አወጣ። ፓይተን በ2015 የታይፕ ምልክት ፈቀደ። ኮትሊን በ2016 የመጀመሪያ ስሪቱን ሲያወጣ ባዶ ሊሆን የሚችልን ነገር ከማይችለው ለይቶ መጣ። ይህን የባዶ ምልክት (null) በ1965 የፈጠረው ቶኒ ሆር ራሱ በኋላ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎታል።

ለምን እንደወደድኩት ልንገራችሁ። ከውጭ የሚመጡ ዝግጁ ፎርሞች ሁለት ስም ነው የሚያውቁት፦ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት አለን። አንድ የአባላት ሲስተም ላይ የአባትና የአያት ስም አንድ ሳጥን ውስጥ ተጨፍልቀው ነበር። ለመለየት ተነሳን። በታይፕስክሪፕት የተጻፈው ክፍል ላይ የድሮውን ስም ከመግለጫው ላይ አጠፋሁ። ወዲያው የሚነኩት ቦታዎች ሁሉ ቀይ ሆኑ። ደረሰኝ፣ የአባልነት ካርድ፣ የስልክ መልእክት፣ የረሳሁት አንድ አሮጌ ሪፖርት ሳይቀር። አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። ቀዩ ሲያልቅ ሥራው አለቀ። ያለ ታይፕ በጃቫስክሪፕት የተጻፈው ክፍል ላይ ግን ያንኑ ለውጥ ሳምንት ሙሉ አሳደድኩት፤ አንዷ ቦታ አምልጣኝ ካርድ ላይ ስም ባዶ ሆኖ ታተመ።

ጥናቱም በመጠኑ ይደግፈኛል። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በጃቫስክሪፕት ፕሮጀክቶች ላይ ታርመው ያለፉ ስህተቶችን ወስዶ ታይፕ ቢጨመርባቸው ስንቱ አስቀድሞ ይያዝ ነበር ብሎ ጠየቀ። መልሱ 15 በመቶ ነበር። ስቴፋን ሃነንበርግና ባልደረቦቹ ደግሞ ሰዎችን አስቀምጠው ሞከሩ። ታይፕ ሰነድ የሌለውን ኮድ ለመረዳትና የታይፕ ስህተትን ለማረም ረዳ፤ የስሌት ትርጉም ስህተትን ለማግኘት ግን ልዩነት አላሳየም። ይህን ልብ በሉ። 142.5 ትክክለኛ ቁጥር ናት። ኮምፓይለሩ ምንም አይላትም። ታይፕ ያለ ቴስት ግማሽ መንገድ ነው።

ራስት በ2015 የመጀመሪያ ስሪቱን ካወጣ ወዲህ ብዙ ይወራለታል። ብዙዎቹን የኮምፒውተር ሜሞሪ አጠቃቀም ስህተቶች ገና ሲጻፍ ይከለክላል። ለደመወዝና ለመጋዘን ሲስተም ግን ያ ችግራችን አይደለም፤ የመማሪያ ጊዜውም ረጅም ነው።

ማይክሮሰርቪስ፣ ሎው ኮድና ኤአይ

ማይክሮሰርቪስ፣ ማለትም ሲስተሙን በኔትወርክ ወደሚነጋገሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች መክፈል፣ በ2014 ገደማ ስሙ ገነነ። ብዙ ቡድን ላለው ትልቅ ድርጅት አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንዲሠራ ይረዳል። ሁለትና ሦስት ሰው ሆናችሁ ከሆነ ተዉት። አንድ ፕሮግራም ውስጥ የነበረው ጥሪ በኔትወርክ ይሆናል፤ ኔትወርክ ደግሞ እኛ ጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ፕሮግራም አድርጋችሁ ውስጡን በደንብ ከፋፍሉት።

ሎው ኮድ፣ ማለትም ብዙ ኮድ ሳይጻፍ በዝግጁ መሣሪያ መሥራት፣ ለአንድ ወቅት ፎርም ይሆናል። ከአምስት ዓመት በላይ ለሚኖር ሥራ፣ መሣሪያው ቢዘጋ ዳታውንና ደንቡን ይዛችሁ መውጣት ካልቻላችሁ አትግቡበት።

በኤአይ ማጻፍ የአሁኑ ትልቅ ጥያቄ ነው። በ2021 ኮፓይለት፣ በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከመጡ በኋላ የምትረከቧቸው ኮዶች መልካቸው ተቀይሯል። ኮዱ ንጹሕ ይመስላል፣ ማብራሪያም አለው፣ የጻፈው ልጅ ግን ለምን እንደዚያ እንደሆነ አያውቅም። አንዱን መሣሪያ የኢትዮጵያ ቀን ቅየራ ጻፍልኝ ብዬው ነበር። ጥሩ አድርጎ ጻፈ። ጳጉሜን ግን ሁልጊዜ አምስት ቀን ነበረች። የያዘችው የጳጉሜን 6 ቴስቴ ናት። ስለዚህ በተቃራኒው ተጠቀሙበት እላለሁ። አሮጌ ኮድ እንዲያብራራላችሁ ጠይቁት፣ ቴስት እንዲያረቅላችሁ አድርጉ፣ የቴስቱን ትክክለኛ መልስ ግን ከሕጉና ከባለሙያው ራሳችሁ አምጡ። ማብራራት የማትችሉትን ኮድ አታስገቡ።

ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ ስትመርጡም ይህን አስቡ። በማርች 2016 አሥራ አንድ መስመር ብቻ የነበራት ሌፍትፓድ የምትባል የጃቫስክሪፕት ጥቅል ከመደብሩ ላይ ስትነሳ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። በዲሴምበር 2021 ደግሞ በብዙ የጃቫ ሲስተሞች ውስጥ የነበረው ሎግ ፎር ጄ የተባለ የምዝገባ ጥቅል ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። ጥቅሎቻችሁን በጣት የምትቆጥሯቸው አድርጉ። ኮፒያቸውን ቢሮ ውስጥ አስቀምጡ።

እንዴት ትፈትኑታላችሁ?

የኔን ፍርድ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። የአምናውን የጥያቄ ደብተር አውጡ፤ ተጠቃሚዎች ይቀየርልን ያሉት የተጻፈበትን። ሦስት እውነተኛ ጥያቄ ምረጡ፤ አንዱ ከሕግ የመጣ፣ አንዱ ስህተት፣ አንዱ ማሻሻያ ይሁን። ልትመርጡት ባሰባችሁት ስልት ትንሽ ክፍል ሥሩና ኮዱን ያልጻፈ ሰው፣ ቢቻል ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ አስቀምጡ። አትርዱት። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ዝም በሉ፤ ከባዱ ይህ ነው። ቦታውን ለማግኘት ስንት ደቂቃ ፈጀበት? ስንት ፋይል ከፈተ? ስንቱን ነካ? ሆን ብላችሁ አንድ ስህተት ደብቁና ማን እንደሚነግረው ተመልከቱ። ግማሽ ቀን ይበቃችኋል።

አሮጌ ፒኤችፒ የተረከባችሁ ብዙ ናችሁ። ማይኤስኪውኤል ከተባለው ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙት የድሮዎቹ ፈንክሽኖች ከሰባተኛው ስሪት ወዲህ ስለወጡ ኮዱ በአዲሱ ሰርቨር ላይ አይነሳም። ሁሉንም አፍርሳችሁ በአዲስ ስልት ለመጻፍ አትቸኩሉ። እዚያ አስቀያሚ ኮድ ውስጥ ማንም ያልጻፈው ደንብ ተቀብሯል። መጀመሪያ አሁን የሚሰጠውን መልስ በቴስት ያዙ። የአንድ ወር የደመወዝ ዝርዝር ከነስህተቱ ይበቃል። ከዚያ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የግብር ስሌቱን ብቻ፣ አውጡና ንጹሕና ታይፕ ያለው አድርጉት። ሌላው ይቆይ።

እኔም በዚያ የደመወዝ ሲስተም ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ለአዛውንቱ ልዩነቱ ተሰልቶ ተከፈላቸው። ስድስቱ ፋይሎች አሁን አንድ ፈንክሽን ይጠራሉ። ሰንጠረዡ ራሱ ከኮድ ወጥቶ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ፤ እያንዳንዱ እርከን "ከ" እና "እስከ" የሚል ቀን አለው። ምክንያቱም ሕጉ ሲቀየር አሮጌው አይጠፋም። የ2016 ዓ.ም. ውዝፍ ዛሬ ተሰልቶ ቢወጣ በዚያን ጊዜው ሰንጠረዥ የተሠራውን ማየት መቻል አለብን።

ባለፈው ጊዜ ለአዲስ ተመራቂ ልጅ ሳስረክብ በዚሁ መንገድ ፈተንኳት። ሕጉ እንደገና ተቀየረ እንበል አልኳት። ቦታውን ቶሎ አገኘችው። ኮድ አልነካችም፤ መስመሮቹን ጨመረች፣ ቴስቶቹን አስኬደች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "የመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ 'እስከ' የሚለው ለምንድን ነው ባዶ የሆነው? ተረስቶ ነው?" አለች። ባዶ ማለት እስካሁን ይሠራል ማለት ነበር። እኔ አውቀዋለሁ፤ የትም ግን አልተጻፈም። አብረን ቁጭ ብለን ጻፍነው።